ርካሽ ድንጋይ፣ ውድ እጅ

አልማዝ፣ ሩቢና መረግድ የሚወደዱት ስለማይገኙ ነው። አጌት ግን ከዚህ ሕግ ውጪ የሆነ ድንጋይ ነው። እሳተ ገሞራ ባለፈበት ምድር ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኛል። በብራዚል ደቡብ ማሳዎች፣ በጉጃራት ኮረብቶች፣ በየመን ተራሮች፣ በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ፣ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዙሪያ እረኛም ሆነ ዓሣ አጥማጅ ሊያነሣው ይችላል። ያም ሆኖ ቄሣሮች መልካቸውን አስቀርጸውበታል፣ ነገሥታት ጽዋ አሠርተውበታል፣ ነጋዴዎች ባሕር አቋርጠው ሸጠውታል። በየመንገዱ የወደቀ ድንጋይ ይህን ሁሉ ክብር ከየት አገኘው? የአጌትን አምስት ሺሕ ዓመታት የሚቃኝ ሰው ደጋግሞ የሚደርሰው አንድ መልስ ላይ ነው፤ ከሠሪው እጅ።

የታሸገ አረፋ

አጌት ከኬልቄዶን ወገን ነው። ኬልቄዶን ደግሞ ዓይን ሊለያቸው በማይችላቸው ቀጫጭን የኳርትዝ ቃጫዎች የተሸመነ ሲሊካ ነው። አማርኛ አንባቢ ስሙን የሚያውቀው ከራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 21 ነው። እዚያ የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም ሦስተኛ መሠረት ኬልቄዶን ሲሆን፣ አምስተኛው ሰርዶንክስም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ዝንጉርጉር መስመሮቹ የተጠማዘዙ ሲሆኑ አጌት ይባላል፤ ቀጥ ብለው የተነባበሩ ሲሆኑ ኦኒክስ፤ ነጩ ከቡናማ ወይም ከቀይ ጋር ሲፈራረቅ ሰርዶንክስ። መስመር የሌለው ቀዩ ካርኔልያን ነው። ቀዩንም ቡናማውንም ቀለም የሚሰጣቸው በብዛት ብረት ነው።

አፈጣጠሩ ትዕግሥት የሞላበት ነው። የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የታፈነው ጋዝ ባዶ አረፋ ትቶ ያልፋል። ኋላ ሲሊካ የተሸከመ ውሃ በስንጥቁ እየሰረገ ገብቶ በአረፋው ግድግዳ ላይ ስስ ልባስ ያስቀምጣል፤ በዚያ ላይ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ። ጧፍ ሰም እየተደረበበት ከውስጥ ወደ ውጭ ይወፍራል፤ አጌት ግን ከውጭ ወደ ውስጥ ይሞላል። እያንዳንዱ መስመር ውሃው ይዞት የመጣው ማዕድን በተለወጠ ቁጥር የተጻፈ ነው። ዘመን አልፎ ዙሪያውን ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ ሲበሰብስ የማይበሰብሰው ድቡልቡል ብቻውን ይቀርና ጎርፍ ወደ ወንዝ ያወርደዋል። ከላይ ሲያዩት ሸካራና ግራጫ ነው፤ ካልሰነጠቁት ውስጡን አይናገርም።

ድንጋዩ ሁለት ጠባይ አለው፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ ከእነዚህ የተቀዳ ነው። አንደኛ፣ ጠንካራ ነው። በሞስ መለኪያ 6.5 እስከ 7 ስለሚደርስ ተራ ቢላ አይጭረውም። ሁለተኛ፣ ጠንካራ ይሁን እንጂ በቃጫዎቹ መካከል ረቂቅ ቀዳዳ አለው፤ ያውም በሁሉም ንብርብር እኩል አይደለም። አንዱ መስመር ፈሳሽ ይጠጣል፣ ጎረቤቱ እምቢ ይላል። በጥንካሬው ምክንያት ጥንታውያን ሠዓታትንና ቀናትን አፈሰሱበት፤ በቀዳዳማነቱ ደግሞ ማር አጠጡት።

ለአንድ መቀነት አንድ ዓመት ከመንፈቅ

በኢንደስ ሸለቆ፣ ዛሬ ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ሕንድ በሚባለው ምድር፣ ከ4,500 ዓመታት በፊት የኖሩ ሰዎች ሰፊ ከተሞችን፣ የፍሳሽ ቦይንና ትክክለኛ ሚዛንን ከመሥራታቸው ሌላ የዶቃ ሊቆች ነበሩ። ከካርኔልያን ረጃጅም ዶቃ ይሠሩ ነበር፤ አንዳንዱ ከሰው ጣት ይረዝማል። ችግሩ ዶቃውን መቅረጹ ላይ ሳይሆን ክር የሚገባበትን ቀዳዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ መብሳቱ ላይ ነው።

አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ጆናታን ማርክ ኬኖየር ይህን ሥራ በሙከራ ደግሞታል። የኢንደስ ሰዎች ኤርነስታይት ተብሎ በተሰየመ ልዩ ጠንካራ ድንጋይ የመሰርሰሪያ ጫፍ ይጠቀሙ ነበር፤ በዚህ ጫፍ የቀስት መሰርሰሪያ በሠዓት የሚገፋው 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። አላህዲኖ ከተባለ ስፍራ የተገኘው መቀነት 36 ረጃጅም የካርኔልያን ዶቃዎች አሉት። በኬኖየር ስሌት እርሱን ለመጨረስ ከ480 በላይ የሥራ ቀናት ይጠይቃል። መቀነቱን የታጠቀ ሰው በወገቡ ያዞረው እንግዲህ ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ባለሙያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ዕድሜ ነው።

እነዚያው እጆች ሌላም ጥበብ ነበራቸው። በዶቃው ላይ በሶዳ ውሁድ ሥዕል ይሥሉና ያቃጥሉታል፤ በቀዩ ላይ የማይለቅ ነጭ መስመር ይወጣል። ሌናርድ ዉሊ እ.ኤ.አ. ከ1922 እስከ 1934 በደቡብ ኢራቅ የኡርን መቃብሮች ሲቆፍር እነዚህን የኢንደስ ዶቃዎች ከሱመር ሹማምንት አጠገብ አገኛቸው። ዶቃው ባሕር ተሻግሮ፣ የሰው አገር ሰው አንገት ላይ ገብቶ፣ አብሮት ተቀብሯል።

ሜሶጶጣሚያውያንም በበኩላቸው ከዝንጉርጉሩ ድንጋይ ውስጥ ዓይን አዩ። ጥቁሩ መሐል፣ ነጩ ዙሪያ እንዲሆን አድርገው ይቆርጡትና በላዩ የንጉሡንና የአምላኩን ስም በኪዩኒፎርም ጽፈው ለቤተ መቅደስ ያቀርቡት ነበር። ናቡከደነፆር ዳግማዊ ራሱ እንዲህ ያለ የድንጋይ ዓይን አቅርቧል። ቆርጦ አንድ ጎን ማስተካከል ቀላል ይመስላል፤ ግን ዓይኑ የሚወጣው ሠሪው ንብርብሩ ከላይ በማይታይበት ድንጋይ ውስጥ መሐሉ የት እንደሆነ ገምቶ ሲመታ ነው።

ግማሽ ሚሊሜትር

እ.ኤ.አ. በ2015 የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ሻሮን ስቶከርና ጃክ ዴቪስ በደቡብ ግሪክ ፒሎስ የአንድ ተዋጊ መቃብር ከፈቱ። መቃብሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1450 ገደማ የተቆፈረ ነው። ከወርቁና ከነሐሱ መካከል ኖራ የጋገረበት አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ ዶቃ ነው ተብሎ ተቀመጠ። ኖራውን ማጽዳቱ ብቻ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ሲጸዳ 3.6 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው የአጌት ማኅተም ሆኖ ተገኘ፤ ዓለም ያወቀውም እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

በላዩ ሦስት ሰዎች አሉ። አንደኛው ከእግር ሥር ወድቋል። ሁለተኛው ትልቅ ጋሻውን ከፊቱ ገትሮ ጦር ሰብቋል። መሐል ያለው፣ ጋሻ የሌለው ረጅም ጸጉር ያለው ጎበዝ፣ የጠላቱን የራስ ቁር ጉትያ በግራ እጁ ጨምድዶ በቀኙ ሰይፉን ከጋሻው በላይ አሳልፎ አንገቱ ሥር ይሰካል። የጡንቻው ውጥረት፣ የሰይፉ እጀታ ማስጌጫ፣ የልብሱ ጥለት ሁሉ ተቀርጿል። አንዳንዱ ዝርዝር ግማሽ ሚሊሜትር ስለማይሞላ አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር ካልሆነ በቅጡ አይታይም። ባለሙያዎች የሚሟገቱትም እዚህ ላይ ነው፤ የሠራው ሰው አጉሊ መስታወት ነበረው ወይስ ቅርቡን አጥርቶ የሚያይ ልዩ ዓይን?

መሣሪያው ራሱ ድንጋዩን እንዳልቆረጠው ማወቅ ይገባል። የነሐስም ሆነ የብረት መርፌ አጌትን አይጭርም። የሚቆርጠው በዘይት የተለወሰ የጠንካራ ድንጋይ ብናኝ ነው፤ መርፌው ብናኙን ይዞ ከመሽከርከር ያለፈ ሥራ የለውም። ስለዚህ ቀራጩ ድንጋዩን እየፈጨ እንጂ እየጠረበ አይደለም የሚሠራው። አንዴ ያለፈ መስመር አይመለስም፤ የተሳሳተ ጭረት አይደመሰስም።

ነጩን ለሥጋ፣ ጥቁሩን ለሌሊት

እስከዚህ ድረስ ንብርብሩ ለጌጥ ያህል ነበር። በግብፅ በነገሡት ግሪካውያን፣ በጥሊሞሶች፣ ዘመንና ከነሱም ቀጥሎ በሮም ግን ንብርብሩ ራሱ ሥዕል ሆነ። ካሜዮ የሚባለው ጥበብ ይህ ነው። ከላይ ያለውን ነጭ ሽፋን ሰው አድርገው ይቀርጹታል፣ ከሥሩ ያለውን ጥቁር ሽፋን ባዶ ሜዳ አድርገው ይተዉታል። ነጩን ባሳሱት መጠን የሥሩ ጥቁር እያሳለፈ ጥላ ይሰጣል። ስለዚህ ሠሪው ቀለም ሳይቀባ በውፍረት ብቻ ይሥላል።

ቪየና የሚገኘው ጌማ አውጉስቴያ 19 በ23 ሴንቲሜትር ሲሆን በሁለት ንብርብር ላይ የተሠራ ነው። አውግስጦስ ቄሣር በሮማ አምላክ ጎን ተቀምጧል፤ ከበታቹ ወታደሮች ድል የነሡበትን ምልክት ሲያቆሙ ይታያሉ። ፓሪስ ያለው ታላቁ ካሜዮ ከዚህም ይበልጣል፤ 31 በ26.5 ሴንቲሜትር፣ አምስት ንብርብር፣ 24 ሰዎች። ከላይ ወደ ሰማይ ያረገው አውግስጦስ፣ መሐል ጢባርዮስ ከእናቱ ከሊቪያ ጋር፣ ከታች ምርኮኞች ተሰድረዋል። ሠሪው አምስቱንም ቀለም ሊጠቀምባቸው ስለፈለገ እያንዳንዱን ሰው ድንጋዩ በፈቀደለት ከፍታ ላይ ማስቀመጥ ነበረበት።

ዘመን ሲለወጥ ሥዕሉን የሚያነብ ሰው ጠፋ፤ ድንጋዩ ግን በክብር ቆየ። ታላቁን ካሜዮ የመካከለኛው ዘመን ፈረንሳውያን ዮሴፍ በፈርዖን አደባባይ ሲከብር የሚያሳይ ነው ብለው ከቅዱሳት ንዋያት ጋር አኖሩት። የጥሊሞሶች ጽዋ የተባለውና የወይን አምላክ የዲዮኒሶስ ጭምብሎች የተቀረጹበት የአጌት ዋንጫም በሴን ደኒ ገዳም የቁርባን ጽዋ ሆነ። ቪየና የሚገኘው ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ፣ ከእጀታ እስከ እጀታ 76 ሴንቲሜትር የሚደርስ ሳህን ደግሞ የክርስቶስ የመጨረሻው እራት ዕቃ ሳይሆን አይቀርም እስከ መባል ደረሰ። የሀብስበርግ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1564 እንዳይሸጥና እንዳይከፋፈል ደነገገበት። የጥንቱ እምነት ሲሞት የእጁ ሥራ ሌላ እምነት ለብሶ ኖረ።

ድንጋዩን በመስታወት ያስመሰሉትም ነበሩ። ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው የፖርትላንድ የአበባ ማስቀመጫ ከጥቁር ሰማያዊ ላይ ነጭ ተደርቦበት እንደ ካሜዮ የተቀረጸ መስታወት ነው።

የሐበሻው ፈርጥ

በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መመሪያ የዚህን ንግድ ሁለት ጫፍ ያሳያል። በሕንድ በኩል ኦኒክስ ከመሐል አገር ወደ ባሪጋዛ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ባሩች፣ ወርዶ ለውጭ አገር ይጫናል። በእኛ በኩል ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ሙሪና የተባለውን ውድ ድንጋይ አስመስሎ በግብፅ የተሠራ የመስታወት ዕቃ አለ። ሙሪና አጌት ይሁን ፍሎራይት ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ የአክሱም መኳንንት ግን ቢያንስ ማስመሰያውን ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ድንጋዩ ከሐበሻ ምድር ጋር የሚገናኝበት ሌላው መስመር እስላማዊው ነው። በሳሂህ ሙስሊም ውስጥ ከአነስ ኢብን ማሊክ በተላለፈ ሐዲስ የነቢዩ መሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀለበት ብር፣ ፈርጡም ሐበሻዊ እንደነበር ተነግሯል። በአሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት ኢማም ነወዊ ሐዲሱን ሲያብራሩ፣ ሐበሻዊ የተባለው ጀዝዕ ወይም ዐቂቅ ነው፣ ማዕድናቸው በሐበሻና በየመን ይገኛልና የሚለውን የሊቃውንት ቃል አስፍረዋል። ጀዝዕ ዝንጉርጉሩ ኦኒክስ ነው፤ ዐቂቅ አጌትና ካርኔልያን ነው። ሌላ ዘገባ ፈርጡም ራሱ ብር ነበር ስለሚል አብራሪዎቹ ቀለበቱ ሁለት ሊሆን ይችላል ብለው አስታርቀውታል። የየመን ዐቂቅ ቀለበት ዛሬም በሙስሊሙ ዓለም ተፈላጊ የሆነው በዚህ ሁሉ ትውስታ ነው።

ሦስተኛው ማገናኛ ከአፍሪካ ወጥቶ ሕንድ የደረሰ ሰው ነው። በጉጃራት ባሩች አውራጃ፣ ራታንፑር ከሚባለው የአጌት ማውጫ አጠገብ ባቫ ጎር የሚባሉ ወሊይ መቃብር አለ። የአካባቢው ሲዲዎች፣ ማለትም ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች ዘሮች፣ ባቫ ጎር ከሐበሻ የመጡና በአጌት ሥራ የበለጸጉ ነበሩ ይላሉ። የድንጋዩ ቆፋሪዎችና የዶቃ ሠሪዎቹ ጠባቂ ቅዱስ አድርገው ያከብሯቸዋል፤ ባባጎሪ የተባለ አንድ የዝንጉርጉር አጌት ዓይነትም በስማቸው ይጠራል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፖርቱጋላዊው ዱዋርቴ ባርቦሳ የዚህ አካባቢ ድንጋይ በጉጃራቷ ከተማ በካምባት ተሠርቶ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እንደሚጓዝ ጽፏል።

በካምባት ዛሬም ይሠራል። ጥሬው ድንጋይ ለወራት ፀሐይ ይሞቃል፤ ኋላ በሸክላ ውስጥ ሆኖ በእበትና በመጋዝ ዱቄት እሳት ይጋገራል፤ ቢጫው ብረት ሙቀት ሲነካው ቀይ ይሆናል። ፈላጩ መሬት ላይ ከተተከለ የብረት ጫፍ ፊት ይቀመጥና ድንጋዩን በጫፉ ላይ አስደግፎ ከወዲያ በጎሽ ቀንድ መዶሻ መታ ያደርገዋል፤ ቅራፊው የሚነሣው መዶሻው ካረፈበት ሳይሆን ብረቱ ከነካው በኩል ነው። ኬኖየር የኢንደስን ዶቃ አሠራር የተረዳው ከእነዚህ ሰዎች እግር ሥር ተቀምጦ ነው። ሆኖም የሞራጁ ብናኝ ሲሊካ ነው፤ ሳንባ ይገባና አይወጣም። ሲሊኮሲስ የካምባት ዶቃ ሠሪዎች የታወቀ በሽታ ነው። አጌት ከእጅ የሚወስደው ጊዜ ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ይታያል።

ማርና አሲድ

በጀርመን ናኸ ወንዝ አካባቢ ያለችው ኢዳር ኦበርሽታይን ከአጌት ጋር የተዋወቀችው በራሷ ኮረብታ ነው። ሽታይንካውለንበርግ ከሚባለው ተራራ ድንጋይ ይወጣ፣ በወንዝ ዳር በውሃ በሚሽከረከር ወፍጮ ይሞረድ ነበር። የሞራጁ አቀማመጥ ለማየት ይከብዳል። ከሰው ቁመት የማይተናነስ የአሸዋ ድንጋይ መንኰራኩር ከፊቱ ይዞራል፣ ውሃ ይፈስበታል። ሰውየው በእንጨት መደገፊያ ላይ በሆዱ ይተኛል፣ እግሩን ወለሉ ላይ በተመታ ግንድ ያስደግፋል፣ በሰውነቱ ክብደት ሁሉ ድንጋዩን ከመንኰራኩሩ ጋር ያጣብቃል። ግፊቱ ሲበረታ አጌቱ ከሰውየው አፍንጫ ሥር በቀይ ብርሃን ይፍለቀለቃል። ቀኑ በርጥበትና በብርድ ያልፋል፤ እርጅናው በቁርጥማትና በሳል።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተራራው ድንጋይ እየተሟጠጠ ሄደ፣ ብዙዎችም አገር ጥለው ተሰደዱ። ወደ ብራዚል የሄዱት እ.ኤ.አ. በ1827 ሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ውስጥ ሜዳ ላይ የተበተነ አጌት አገኙ። አባቶቻቸው ተራራ ቆፍረው የሚያወጡትን እዚያ ጎንበስ ብሎ ማንሣት ነው። በ1834 የመጀመሪያው ጭነት ኢዳር ደረሰ። ድንጋዩ ባዶ መርከብን ማረጋጊያ ክብደት ሆኖ ስለሚጫን የጉዞው ዋጋ ቀላል ነበር።

የብራዚሉ አጌት አንድ ጉድለት ነበረው፤ አብዛኛው ግራጫ ነው። ይህን የፈታው የድንጋዩ ሁለተኛ ጠባይ፣ ቀዳዳማነቱ ነው። የኢዳር ሰዎች ድንጋዩን በሞቀ የማር ወይም የስኳር ውሃ ውስጥ ለሳምንታት ይዘፈዝፉታል፣ ከዚያ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ያዛውሩታል። ጠጪው ንብርብር ውስጥ የገባው ስኳር በአሲዱ ይከስልና ጥቁር ይሆናል፤ ያልጠጣው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከአንድ ግራጫ ድንጋይ ቄሣር የሚመኘው ኦኒክስ ወጣ። በብረት ጨው ቀይ፣ በክሮም አረንጓዴ፣ በሌላ ውሁድ ሰማያዊ ማድረግም ተለመደ። ሮማዊው ፕሊኒ በማር ስለሚቀቀል የዐረብ ድንጋይ ጽፎ ስለነበር ዘዴው ጥንታዊ ሥር አለው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ጥቁር ኦኒክስ አብዛኛው የተቀለመ ነው።

ኢዳር በዚህ ኃይል ካምባት ለአፍሪካ ስትልክ የኖረችውን ዶቃና የአንገት ጌጥ አስመስላ ሠርታ የሰሐራንና የምዕራብ አፍሪካን ገበያ ያዘች። አንድ የሰሐራ ቱዋሬግ አንገቱ ላይ ያሰረው ጌጥ ድንጋዩ ከብራዚል፣ ንድፉ ከሕንድ፣ ሥራው ከጀርመን ሊሆን ይችላል።

በሌላው ዓለም አጌት በየሥራው ተሰማርቷል። በፍሎረንስ ገዥዋ ፈርዲናንዶ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1588 ባቋቋመው የድንጋይ ሥራ ቤት የአእዋፍ ላባና የአበባ ቅጠል ሆኖ በጠረጴዛ ገጽ ላይ ተነጠፈ። በአግራ በታጅ ማሃል እብነ በረድ ውስጥ ካርኔልያን ቅጠልና አበባ ሆኖ ተሰካ። ወርቅ ለባሾች የተለበጠውን ወርቅ የሚያብረቀርቁት በአጌት ጫፍ ነው። የኬሚስት ሙቀጫም ከአጌት ይሠራል፤ ሌላ ድንጋይ ሲፈጭበት ራሱ ብናኝ ሳያደርግ ይቀራልና።

ድንጋይ ያለው እና እጅ ያለው

ከዚህ ሁሉ ዙር የሚወጣው ሒሳብ ግልጽ ነው። ኢዳር ድንጋይዋ መሟጠጥ ከጀመረ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሆኗታል፤ ሆኖም ዛሬም ከዓለም የከበሩ ድንጋዮች ማዕከላት አንዷ ናት። የቀራት እጅ ነው። ሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ድንጋዩ ሁሉ የሷ ሆኖ ሳለ ለአሥርት ዓመታት ያተረፈችው የጭነት ዋጋ ነበር።

ይህ ሒሳብ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ከአጌት ጋር በሲሊካ የሚዛመደው ኦፓል በወሎ ደላንታ፣ በወገል ጤና ገደሎች እ.ኤ.አ. በ2008 ከተገኘ ወዲህ ወጣቶች ገደል አፋፍ ላይ ዋሻ እየማሱ ያወጡታል፤ ስሙም ከአውስትራሊያው ጎን ይጠራል። ጥሬው ግን በብዛት ወደ ሕንድ ጃይፑር ይሄድና እዚያ ተቆርጦ፣ ተሞርዶ፣ እሴት ተጨምሮበት ለዓለም ይሸጣል። ስለ እሴት መጨመር በስብሰባ ብዙ ይባላል፤ የአጌት ታሪክ የሚለው ደግሞ አጭር ነው። ማዕድን ያለቀባት የጀርመን ከተማ ያልጠፋችው መሞረጃዋን፣ አባት ለልጅ ያወረሰውን ሙያና ቀለም የመቀመም ዕውቀቷን ስለያዘች ነው። ወገል ጤና ገደሏ ሳይራቆት በፊት ሞራጅ ካላፈራች፣ ኦፓሉ ባለቀ ማግስት የሚቀራት ዋሻው ብቻ ነው።